ለዘር እና ለድስት

ይድረስ ለሴት ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ «ሰ»ን እንዴት ትላለች? አያትሽም ጥርስ የለውም፣ ስትገናኙ ትወዳደራላችሁ በያት። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ጋር መኖር ሰልችቶት በየደረጃው ያጉረመርማል። እናትሽም ደህና ናት። በየሳምንቱ ስትደውዪልኝ «እሷስ ደህና ናት?» ትያለሽ እንጂ «እማዬስ?» የሚለው ቃል ከአፍሽ ከወጣ ሦስት ዓመት አለፈ።

የምጽፍልሽ ስለዚያ ስለ ቦሎቄው ነው። ከመቅደድሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ እንዳሻሽ።

የእናትሽን ሥራ ታውቂዋለሽ። ከጓሮ የለቀመችውን ቦሎቄ ሁለት ቦታ ትከፍለዋለች። ለዘር የሚሆነውን፣ ሙሉ ሙሉውን ፍሬ መርጣ፣ በጥላ አድርቃ አንዱ ጣሳ ውስጥ ትከታለች። የሚበላውን ግን ነቀዝ እንዳይገባበት ለስለስ ባለ እሳት አሙቃ ሌላኛው ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። እንዲያ የሞቀው ይበላል እንጂ አይበቅልም። ጣሳዎቹ መንታ ስለሆኑ አንዱ ላይ «ለዘር»፣ ሌላው ላይ «ለድስት» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን እንዳታስገባ!» ትለኛለች፣ ልክ የጎረቤት ድመት እንደሆንኩ።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። አንድ ጠዋት ወረቀቶቹን በእንፋሎት አላቅቄ አቀያየርኳቸው። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። አርባ ዓመት ሙሉ ተሳስታ የማታውቅ ሴት አንድ ቀን ዘሯን ቀቅላ ስታቀርብልኝ ልስቅባት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንቺ ከተፍ አልሽ። መኪናው ውጭ ጥሩምባ ይነፋል፣ አንቺ «እማዬ፣ ዘር ስጪኝ፣ ቶሎ በይ» ትያለሽ። እሷም ወረቀቱን አምና ዘግና ሰጠችሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ባልሽ በመስኮት «አባባ፣ ደህና ይዋሉ» ሲለኝ «ደህና ግቡ» አልኩና ዘጋሁት። ሁለት ቃል ብጨምር ኖሮ!

ሳይበቅል ሲቀር ደውለሽ ያልሻትን ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «ለወንድ ልጅሽ ዘር፣ ለእኔ የድስት!» አልሻት። ወንድምሽ ካንቺ በሳምንት ቀድሞ የወሰደው አጥሩን ሞልቶት ስላየሽ አልፈርድብሽም። እሷ «ከዘሩ ጣሳ ነው የሰጠሁሽ» ብላ ማለችልሽ። ስታለቅስ ግን አልሰማሽም፣ ስልኩን ዘግተሽው ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ሰው እያለቀሰ «ቀልድ ነበር» እንዴት ይባላል? ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ ስል ሦስት ጊዜ ተዘርቶ ሦስት ጊዜ ተለቀመ።

ትናንት ቦሎቄ ስንፈለፍል ነገርኳት። አንገቴን ደፍቼ ስድቤን ስጠብቅ እሷ እጇን እንኳ አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለችኝ። ከጠባችሁ በኋላ «ለድስት» ከሚለው ጣሳ ዘግና ብትጥድ፣ ገና ከመፍላቱ በስሎባታል። እሳት ያየው እንዲያ ቶሎ አይበስልም። እቤታችን ውስጥ ደግሞ ከእኔ በቀር ወረቀት የሚያቀያይር የለም። «ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?» ብላት ቀና ሳትል «አንተ ጋ ትደውላለች አይደል? እሱም ይቅር?» አለችኝ። ከዚያ ነቀዝ የበሳውን አንድ ፍሬ መዳፌ ላይ አኑራ «ይሄን ጣልልኝ» አለች።

የተረፈውን ዘር መልሳ ዘርታዋለች። ከምርቱም በየዓመቱ አንድ ጭብጥ በጨርቅ ቋጥራ መሳቢያዋ ውስጥ ታኖራለች። ዘንድሮ ሦስት ቋጠሮ ሆኗል። የማን እንደሆነ ብጠይቃት «አርፈህ ተቀመጥ» ተባልኩ።

አንዱን ሰርቄ በዚህ ፖስታ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ተውኩት፤ እኔ የነካሁት ዘር እምነት አይጣልበትም። መጥተሽ ከእጇ ተቀበዪ።

እሑድ እንደ ልማድሽ ስትደውዪ ስልኩን አላነሳም። ጓሮ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ «አንተ ሰውዬ፣ አትሰማም?» ብላ ትጠራኛለች፤ አልሰማም። እንዳትዘጊው።

ማሳሽ ይለምልም፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለው
አባትሽ