ወፍራሙ ወረቀት

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ሰዲቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ሙስካት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት በቀር የሚያማርረን የለም።

ውጭ አገር ለማስተማር ካመለከትኩባቸው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ተቀበሉኝ። የዶሃው በየዓመቱ የደርሶ መልስ ትኬት ይሰጣል። የማሌዢያው ትልቅ ስም አለው፤ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ አገር መመለሻ ፈቃድ የለውም። "አባባን አማክሪ" ስላልከኝ ሁለቱንም ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ወረቀቶቹን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ይኼ ወፍራሙ ይሻላል፤ ደህና ትምህርት ቤት ነው" አሉኝ። የማሌዢያው ነበር። የያዙት ዘቅዝቀው ነው። ላነብላቸው እችል ነበር፤ አላነበብኩላቸውም። አባባ መረጡልኝ ብዬ በማግስቱ ፈረምኩ።

ሽንኩርቱ ደርሷል። አባባ ዘንድሮ ማሳ አልወረዱም፤ ሙቀቱ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን ሙሚና እኔ ስሄድ ምሳቸውን አመጣላቸዋለሁ ብላለች፤ ስትገባ "ሙሚና ነኝ" እንድትል ነግሬያታለሁ።

ትናንት ከበራችን አንስቶ ለሶላት ዉዱእ እስከሚያደርጉበት ማንጎ ሥር ድረስ የናይለን ገመድ ዘረጋሁ። ልብስ ማስጫ ነው አልኳቸው። "ጥሩ አደረግሽ" አሉኝ። እስካሁን ልብስ ያሰጣበት የለም።

በዱዓህ አትርሳን፤ አላህ በደህና ያገናኘን። ፈቃድ አግኝተህ ከመጣህ፣ ዝቅ ብሏል ብለህ ገመዱን ከፍ እንዳታደርገው። የአባባን እጅ ለክቼ ነው ያሰርኩት።

እህትህ ሳሊሃ