የማታው ክፍል እንዳይዘጋ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታማርሪያለሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? አማትሽስ በደህና ናቸው? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አባባ ደግሞ ከደህናም በላይ ነው፤ የእሱን ጉድ እደርስበታለሁ።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። ያ ኮሌጅ የወደቀ ተማሪ ማጠራቀሚያ ነው፣ እኔ ጋ የምትመጪበትን ፕሮሰስ እስክጨርስልሽ አርፈሽ ተቀመጪ ነበር ያልሽኝ። እኔ አርፎ መቀመጥ እንደማይሆንልኝ ደግሞ ታውቂያለሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመዘገብኩ፤ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የማታው ክፍል። ቀን ቀን ሽቦና አምፖል ስሸጥ እውላለሁ፤ ደንበኛው ግን ምክር ሲፈልግ ወንድ የለም ወይ እያለ ከኋላዬ ያማትራል። ሰለቸኝ! ሰርተፍኬቴን ይዤ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ፤ ያኔ የማንንም ፕሮሰስ አልጠብቅም።

የወደቀ ተማሪ ያልሽውን ነገር መጥተሽ ብታዪ ታፍሪ ነበር። ቀን ግቢው የልጆች ነው፤ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ይንጎራደዱበታል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ሥራ ውሎ የመጣ ሰው ይገባበታል። ከእኛ ክፍል ግማሹ ሴት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከኋላችን የባንክ ዘበኛ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ይመጣል። ልጇን አዝላ የምትማር እናትም አለች፤ ሕፃኗ ስትነጫነጭ አብረውን የሚማሩ ሁለት ታክሲ ነጂዎች ተራ በተራ ተቀብለው ኮሪደሩ ላይ ያንሸራሽሯታል። ክፍያው ቢሆን አያስደነግጥም። የመንግሥት ኮሌጅ አይደል፣ የሰፈሩ ነዋሪ ከሌላ ቦታ የሚመጣው ከሚከፍለው ግማሹን ነው የሚከፍለው። መጽሐፍ ያውሱናል። ካቻቢቴና ፒንሳ ብቻ ከራስ ነው፤ እሱንም ከሱቃችን በቅናሽ ወሰድኩ።

ትምህርቱ የሚያልቀው ከመሸ ስለሆነ አባባ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ በየማታው ይሸኘኝ ጀመር። እኔ ስገባ እሱ ኮቱን ደርቦ ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን መምህሩ ጠይቆን ሁላችንም ዝም ስንል አባባ ከውጭ ጮክ ብሎ መለሰልሽ! መልሱ ደግሞ ስሕተት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት አልኩ። መምህሩ መስኮቱን ከፍቶ ሲያስረዳው ጭራሽ አላምንም ብሎ ተከራከረው።

ወሽመጤ የተቆረጠው ባለፈው ወር ነው። አንደኛው ታክሲ ነጂ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ጥሎን ሄደ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀረን። ዲኑ መጣና ከፋይ ተማሪ ከሃያ ካነሰ የማታው ክፍል እንደሚዘጋ፣ የፈለገ ወደ ቀኑ መዛወር እንደሚችል ነገረን። ቀን! እኔ ሱቁን ለማን ትቼ? ዘበኛው ባንኩን ለማን ትቶ? እስከ ዓርብ አንድ ሰው ፈልጉ ተባልን። ያላስቸገርኩት ሰው የለም፤ አምፖል ሊገዛ የመጣው ሁሉ ስለ ኮሌጅ ሰምቶ ሄደ። አንድም ጠብ ያለልኝ የለም። ሐሙስ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ለካ አባባ ዓርብ ጠዋት ብቻውን ሪጅስትራር ሄዷል። መዝጋቢዋ መታወቂያውን አይታ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ስለሆኑ በነፃ ይማራሉ ብላ አበሰረችው። አባባም የማታው ክፍል እንግዲህ ሃያ ሞላ አይደል ብሎ ጠየቃት። በነፃ የሚማር ከከፋይ አይቆጠርም ስትለው ደሙ ፈላ። ያ በዕድሜው የሚኮራ ሰውዬ፣ ዕድሜዬን ተይውና እንደ ጎረምሳ አስከፍይኝ ብሎ ወገቡን ይዞ ቆመ። የእኔ ገንዘብ ምን ጎሎት ነው የማይቆጠረው እያለ ሲጮህ ዲኑ ሰምቶ ወረደ። ደንቡ ቢገላበጥ፣ ልክፈል ያለ ሽማግሌ እንዳይከፍል የሚከለክል ነገር ታጣ። አባባ ሙሉውን ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ ከተተ።

ገንዘቡን ከየት አመጣው ልትይ ነው። ለጥርሱ የላክሽለት ነው። በናትሽ አትቆጪው! ሌላም አትላኪ፤ ጥርሱን እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ አስተክልለታለሁ፣ ባላደርገው ምን አለች በይኝ። እማዬ ድዱን ይዞ ኮሌጅ ገባልኝ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች፤ ደብተሩን በፕላስቲክ የለበደችለት ግን እሷው ናት።

ሰኞ ማታ አባባ አጠገቤ ተቀመጠ። መምህሩ ስም እየጠራ እኔ ጋ ደረሰ፤ ስሜን ከነአባቴ ሲጠራው ገና አፌን ሳልከፍት አባባ ብድግ ብሎ አቤት አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ፣ ያንተ ተራ ገና ነው፣ እኔን ነው የጠራኝ አልኩት። ቁጭ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ እዚያ ውጭ አግዳሚው ላይ ሆኖ በየማታው ስሙ ከስሜ ቀጥሎ ሲጠራ ይሰማ እንደነበር፣ አቤት ማለት እያማረው ምላሱን ነክሶ ዝም ይል እንደነበር ነገረኝ።

ባለቤትሽን አክባሪህ ናት በይልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚልኝ፤ የአማትሽንም ጉልበት ስሜያለሁ። እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። አባባ ራሱ ሊጽፍልሽ ነበር፤ የቤት ሥራ ስላለበት በእኔ በኩል ሰላም ብሎሻል።

ታናሽ እህትሽ
ከቤታችን፣ ኅዳር 11 ቀን