ቬስፓህን ካኮ አድርሼ መለስኳት

ይድረስ ለአስቴር አባት፣ ለኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ድፍን አንድ ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነህ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ደህና ነን፣ አስቴርም በቁመት ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ይህን የምጽፍልህ ሐዘኔን ላወራህ እንዳይመስልህ። ቬስፓህ ተነሳች! ተነሳች ብቻም አይደለም፣ ሕሙማን ልታክም ትመላለስበት የነበረው ካኮ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። የነዳኋትም እኔ ነኝ፣ ሚስትህ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ለሙት ዓመትህ ወንድምህ ጋሽ ደምሴ ከሳውላ መጡ። ዘክረን በጨረስን ማግስት ጓሮ ዞር ዞር ሲሉ ቬስፓዋን በጆንያ ተሸፍና አገኟት። የሟች ዕቃ ቆሞ ሲዝግ ማየት ነውር ነው፣ በጭነት መኪና አርባ ምንጭ ወስጄ መላ እፈልግላታለሁ አሉ። ክፋት እንደሌለባቸው አውቃለሁ። እኔ ግን አፌ ቀደመኝና “አትሄድም፣ እነዳታለሁ” አልኩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ቆይተው ፈረዱ፤ ሰኞ ካኮ ገበያ ራሷ ነድታት ደርሳ ከተመለሰች ቬስፓዋ የእሷ ትሁን፣ ካልሆነ ደምሴ ይጫናት። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ስረግጣት ትነሳለች። ከደጃችን እስከ አውሮፕላን ሜዳው ጫፍ ትወስደኝና ድንገት ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ከጭነት መኪና ጋር የመጣ ወርቁ የሚባል መካኒክ ለምኜ አመጣሁ። አንዴ ረገጠ፣ አንዴ አዳመጠ፣ “ካርቡሬተሩ አብቅቶለታል እቴ፣ አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም” ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጋሽ ደምሴ አጠገቡ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወርቁ የማያውቀው እኔ ማን ቤት እንደኖርኩ ነው። ሰፌዴ ላይ ብሎንህን እየዘረገፍክ ስንቴ ተጣልተናል! በዚያ ሰፌድ ያበጠርኩት ምስር ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። “ያዢልኝ” ትለኝና እየተነጫነጭኩ እይዝልሃለሁ። ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ያቺን በጣም ትንሽ ቀዳዳ ያላት ናስ፣ ዢግለሯን፣ ሽቦ አታስነኪያት፣ ቀዳዳዋ ከሰፋ ቬስፓዋ ቤንዚን ጠጪ ትሆናለች ትለኝ ነበር። የዝንብ መከላከያ ጭራዬን ፀጉር እየነቀልክ ነበር የምታጸዳት።

ስለዚህ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ ሰፌዴን ዘረጋሁ። ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ሆዱ ውስጥ ቡናማ ሙጫ ተጋግሯል፤ ዓመት ሙሉ የቆመ ቤንዚን እንዲህ እንደሚሆን ነግረኸኝ ነበር። አጠብኩ፣ ከጭራው ፀጉር ነቅዬ ዢግለሯን አሳለፍኩባት፣ ወደ ፀሐይ አንስቼ ብርሃን በቀዳዳዋ አየሁ። ደስ ሲለኝ! ገጥሜ ረገጥኳት፣ ተነሳች። የሜዳው ጫፍ ስደርስ ጸጥ። ቅዳሜም ፈታሁ፣ ቅዳሜም ጸጥ። ቤንዚን የሚወርድባትን ቀጭን ጎማ ከካርቡሬተሩ ነቅዬ ባይ ቤንዚኑ ጥቂት ፈሶ ይቆማል። የቤንዚን መያዣው ግን እስከ ግማሹ ሙሉ ነው። ያን ማታ፣ አልዋሽህም፣ ተስፋ ቆርጬ አለቀስኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዲት ሴት ዘይት ልትገዛ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አዲስ የዘይት ቆርቆሮ አወጣሁና በምስማር ጥጉን በሳሁት። ባዘነብለው ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። አየር እንዲያስገባ እንደ ልማዴ ሌላውን ጥግ ልበሳ ምስማሩን ሳነሳ እጄ አየር ላይ ቀረ። ሴትየዋን ጠርሙሷን እንዳንጠለጠለች ትቻት ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

አሁን እንዳትስቅብኝ። በተቀበርክ ሳምንት ቤንዚን ካልታፈነ ተንኖ ያልቃል ሲሉ ሰማሁ። ውስጧ ያለው ደግሞ አንተ በኩፖን ተሰልፈህ ያመጣኸው፣ በእጅህ የቀዳኸው ነው። እሱም ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈራሁ። የማር እንስራዬን እንደማሽገው ሰም አቅልጬ የመያዣዋን ክዳን ዙሪያውን ለበጥኩት። ክዳኑ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አየሁና ብልሽት መስላኝ እሷንም ደፈንኳት። ቀዳዳዋ የአየር መግቢያ መሆኗን ነግረኸኝ አታውቅም፤ ጥፋቱን ተካፈለኝ! ለካ ስሳሳልህ አፍኛት ኖሬአለሁ።

ሰሙን በመርፌ ለቅሜ አወጣሁት። ክዳኑን ስከፍተው ሲጥ አድርጋ አየር ሳበች። ረገጥኳት። የሜዳውን ጫፍ አለፍኩ፣ ዞርኩ፣ ላሞቹን አስበርግጌ ተመለስኩ፣ ደግሞ ዞርኩ። ዘበኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ እኔ እንደ እብድ ብቻዬን እስቃለሁ። አንተ ያስተማርከኝ እዚያው ሣር ላይ አይደል?

ሰኞ ጋሽ ደምሴ ምስክር ሆኜ እሄዳለሁ ብለው ከኋላዬ ተቀመጡ። ከተማ ውስጥ ወንበሩን ይዘው ነበር፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ መቀነቴን ጨበጡና የማያውቁትን ታቦት ሁሉ ጠሩ። ካኮ ስንቃረብ ግን ያልጠበቅነው ሆነ። ሰዎች ድምጿን ሰምተው ከየቤቱ ወጡ፣ ልጆች “ሐኪም መጣ! ሐኪም መጣ!” እያሉ ሮጡ። ልጅ ያዘለች አንዲት የአሪ ሴት ደርሳ አየችንና “ሐኪም የታለ? ይሄ የሱ ድምፅ” አለችኝ። መሞትህን ነገርኳት። መሪውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። አቧራ ነው አሉኝ።

ማክሰኞ በጭነት መኪናው ብቻቸውን ተሳፈሩ። “አስቴርንም አስተምሪያት” ብለው ጭንቅላቴን ሳሙኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። እናቴ ባሏን በስሙ አትጠራም ነበር፣ እኔም ያንኑ ይዤ መጣሁ። ቤት ውስጥ “አንተ”፣ ሰው ፊት “እሱ”። ስታጣጥር እንኳ አጠገብህ ተንበርክኬ ስምህ ከአፌ አልወጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ከካኮ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሼ ሞተሩ ሲጮህ፣ ማንም እንደማይሰማኝ ሳውቅ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጠራሁህ። ጋሽ ደምሴ “ምን አልሽ?” አሉኝ። መንገዱን እየረገምኩ ነው አልኳቸው።

ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ማር ልገዛ ካኮ እሄዳለሁ። እዚያ ዳገት ላይ በደረስኩ ቁጥር እጠራሃለሁ፣ ቃሌ ነው። አልረሳህም፣ በቀለ።