ማማ ዘሃራ የፈለገችው ልጅ

ማክሰኞ
እናቴ ሳታማክረኝ «ትሠራለች» ብላ ለማማ ዘሃራ ቃል ገባች። ማማ ዘሃራ ከኢትዮጵያ በኩል ድሪያ ቀሚስና ሻሽ እያመጣች እዚህ በኬንያው ሞያሌ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሱቋ ውስጥ የምትቆም ልጅ ትፈልጋለች። «ደርባባ ትሁን እንጂ ሌላው ይለመዳል» ብላለች። ሦስት ቀን አይታኝ ትወስናለች።
እኔ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ጓሮ ነው የምገባው። ወንድሜ ጀማል ሰምቶ ሳቀ። «አንቺ ደርባባ? ዶሮ እንኳ እሽ ስትዪያት አትሰማሽም።»
እናቴን ደርባባ ምን ማለት ነው አልኳት። «ስትገባ ቤቱ የሚሞላላት» አለችኝ። ወፍራም ማለት ነው? አይደለም አለች።

ረቡዕ
ከማማ ዘሃራ ጋር ዕቃ ልናመጣ ድንበሩ ጋ ሄድን። አስካሪው፣ የኬንያው ጠባቂ፣ ፊቱን አጥቁሮ «ክፈቱ» አለን። እኔ ከኋላዋ ተሸሸግኩ። እሷ የዕቃው ጥቅልል ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ልጁ ከሳሉ ተሽሎት እንደሆነ ጠየቀችው። አልተቅለሰለሰችም፣ አልተቆጣችምም። ሁሉንም ከፍታ አሳየችው። መልሶ ያሰረላት ራሱ አስካሪው ነው።
ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ቆንጆ አይደለችም፤ የፊት ጥርሷም ወልቋል። ግን ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ።
እስካሁን የገባኝ፦ ደርባባ አትጮህም። አትቸኩልም። ሰው እንደሚያያት ታውቃለች፣ አይከብዳትም። ለወንድ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ወንዱን ግርማ ሞገስ አለው ይሉታል።

ሐሙስ
አበላሸሁ። ከሶሎሎ የመጡ አንዲት የቦረና አሮጊት ሻሽ አንስተው ያዩ ጀመር። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ዋጋውን ነገርኳቸው። ሰላም ሳልል። ሻሹን አስቀምጠው ወጡ።
«የሰውን ከብት ደህንነት ሳትጠይቂ ገንዘቡን ትጠይቂያለሽ?» አለችኝ ማማ ዘሃራ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ባሰብኝ። አንድ ቀን ብቻ ቀረኝ።

ዓርብ
አሮጊቷ ተመለሱ። መኪናው ባለመሙላቱ ሞያሌ አድረው ነበር። ተነስቼ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመርኩ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ላሞቹስ? ግመሎቹስ? ዝናብ አገኛችሁ? እያንዳንዱን መልስ ጠበቅኩ። መሀል ላይ ድምፄ ተሰበረ። እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ስለ አንዲት ጥጃቸው ማውራት ቀጠሉ፣ እስክረጋጋ ድረስ። ለካ ደርባባ ሴት ሌላውንም ታረጋጋለች። ይህን እናቴ አልነገረችኝም።
ሁለት ሻሽ ገዙ።
ማማ ዘሃራ ሰኞ ነይ አላለችኝም፤ አትምጪም አላለችኝም። አዛን ሲሰማ ታጥባ፣ ውዱ አድርጋ፣ ልትሰግድ ቤቷ ሄደች፣ ሱቁን እንዳለ ለእኔ ትታ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሴቶች ገቡ። ተነሳሁ።