ግዛቸው የደፋው ኪኒን

ለውድ እህቴ ለሰብለወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት፣ እንቅልፍ ይወስዳታል? የአባባስ ደም ግፊት ወረደ ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ግን እህል አላስቀምስ ብሎኛል።

የንስሐ አባታችን «ራሱን ካጠፋ ተዝካር የለውም» ማለታቸውን፣ እማዬም «ልጄን ምን አጎደልኩበት?» እያለች ማልቀሷን ነገርሽኝ። ስሚኝ ሰብልዬ፣ ወንድማችን አንዷለም ራሱን አላጠፋም! ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን እየዋለ ወገቡ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎት ነበር። በሞተበት ሳምንት ደውሎ፣ አንድ የሥራ ጓደኛው ጥሩ ማስታገሻ እንደሸጠለት ደስ ብሎት ነገረኝ። ራሱን ሊገድል ያሰበ ሰው ለወገቡ መድኃኒት ይገዛል?

አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጮኽኩባት። የገደለው ፌንታኒል የሚሉት ኃይለኛ ማደንዘዣ መሆኑን ካወቃችሁ፣ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ለመጻፍ እጃችሁን ምን ያዘው አልኳት። ደሙ የገደለውን ይነግረናል እንጂ አውቆ ይዋጠው ሳያውቅ አይነግረንም አለችኝ። የተረፈው ኪኒን ቢገኝ ማስታገሻ አስመስለው የሠሩት መሆኑ ይታይ ነበር፤ ክፍሉ ግን ተጠርጎ፣ አልጋው ተነጥፎ ነው ያገኙት። ስለዚህ «አሟሟቱ አልታወቀም» ብለው ጻፉ። የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቃሉን ከሰጠ ግን እንደገና እናየዋለን ብላኛለች።

ማን ጠረገው? ግዛቸው! አብሮት ይኖር የነበረው፣ የጎረቤታችን የእትዬ እማዋይሽ ልጅ። ሳፋጥጠው «ማለቴ፣ ፖሊስ ኮል ከማድረጌ በፊት ክሊን አደረግኩት፤ ሱሰኛ ነበር እንዳይሉት ብዬ ነው» አይለኝም? የተረፈውን ኪኒን ሽንት ቤት ደፍቶ ውሃ ለቀቀበት፤ ራስጌው ላይ ዳዊት አስቀመጠለት። እሱም ገመና ሸፋኝ ሆኖ! ሱሰኛ እንዳይባል ብሎ ራሱን የገደለ አስባለው።

ይኸንኑ ለሐኪሟ ንገራት ብዬ ለመንኩት። የመኖሪያ ፈቃዱን እየጠበቀ ስለሆነ ፖሊስ ያለበት ነገር ውስጥ እንዳላስገባው ነገረኝ። ለቅሶው ላይ ደረቱን ሲደቃ ከእኔ ይብስ የነበረው ሰውዬ፣ አሁን ስልኬን አያነሳም።

እማዬን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ልጅዋ አልከዳትም በያት። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጅሽን ሊናዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎቷን ክፉ እንዳታስበው። እትዬ እማዋይሽንም ሰላም በያቸው፤ ከእናንተ ጋር መሬት ተቀምጠው አልቅሰዋል፣ እሳቸውን አልቀየምም። ብቻ ሰላምታዬን ካደረስሽ በኋላ፣ ልጃቸው ሽንት ቤት የደፋውን ንገሪያቸው። እኔን እምቢ ብሏል፤ እናቱን እምቢ ሲል እንይ።

እህትሽ ትዕግሥት
ሪቻርድሰን፣ ቴክሳስ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.