አሻራዋን ላልተቀበሉት ሰብሳቢ

ለተከበሩት የሆስፒታሉ የምርምር ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎና እግርዎ፣ ዓይንዎና ወገብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ቤት የቀረ ጤና ስለሌለ የእርስዎን እየሰማን እንጽናናለን። እኔ ግንበኛ ነኝ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሲሆነኝ፣ መምህራችን እንደ እኔ ያለ ፈጣን ተማሪ አይተው እንደማያውቁ ተናግረዋል፤ ባይናገሩም ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ እኔ ደግሞ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ የነርቮቿን ሽፋን እየላጠ ቀኝ እጇን ወሰደባት። ሐኪሟ በሚገባኝ ቋንቋ ሲያስረዱኝ፣ «ልስኑ ረግፏል ጌታው፤ በምርምር የምንሞክረው ለሌላ በሽታ ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው፤ በትንሽ በትንሹ ሲወሰድ ግድግዳው ራሱ እንዳይፈርስ ይደግፍ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት» አሉኝ። እኛም «ይሆናል»ን ይዘን፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ለባብሰን መጣን። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ ምርምሩ ውስጥ ለመመዝገብ የሚያስፈልገውን የፈቃድ ቅጽ መፈረም ስላቃታት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ብታቀርብ፣ መዝገብ ቤትዎ «አሻራ ላልተማረ ነው፤ እርሷ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰች ናት» ብሎ ስለመለሳት አመሰግናለሁ። እኔ መሃይሙ ዕድሜ ልኬን በአሻራ ስከበር ኖሬ፣ መማር እንዲህ እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር።

፪ኛ፦ በግራ እጇ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ላብ እያጠመቃት ፈረመች። መታወቂያዋ ላይ ካለው ፊርማ ጋር ስላልተመሳሰለ «እጇ ሲሻላት ትምጣ» ተባለ። እጇ ከተሻላት ምን ልታደርግ እንደምትመጣ ግን ቅጹ አይገልጽም።

፫ኛ፦ እኔ ልፈርምላት ብል «ወኪል ማንበብና መጻፍ መቻል አለበት» ስላላችሁኝ፣ ቀን ድንጋይ ማታ ፊደል ስሸከም ከረምኩ። ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ይህቺ ሀ ጎብጣለች፤ አንተ ግንበኛ አይደለህም እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የምስክር ወረቀቴን ይዤ በመጣሁ ዕለት መስኮታችሁ ላይ የተለጠፈውን ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩ። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ «ምዝገባው ተጠናቋል» ይላል።

ቤት ስገባ፣ «በራስህ አነበብክ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጎበዝ የኔ ጌታ!» ብላ በግራ እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው። ምን እንደሚል አልጠየቀችኝም።

መድኃኒቱ ይረዳት እንደነበር አላውቅም፤ ሐኪሟም አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ግራ እጇም መርፌ መያዝ አቆመ። ብትወስደውም ያው ይሆን ነበር ይሆናል። ግን እንደ ሰው ሞክራ ቢያቅታት ምን ነበረበት ጌታዬ? ሁለተኛ ዙር ምዝገባ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ በሩ ሳይከፈት አዝያት ደጅዎ ላይ እገኛለሁ።

ደንብዎ ከእኛ ሁሉ በላይ ጤነኛ ሆኖ እንዲኖር ከልብ የሚመኝልዎ፣ በገዛ እጁ የፈረመው የልብስ ሰፊዋ ባል።

ማሳሰቢያ፦ መልስ ከጻፉልን በትልልቅ ፊደል ይሁን። እኔማ ደቃቁንም እለቅመዋለሁ፤ የእርሷ ዓይን ግን መደብዘዝ ጀምሯል፤ ይቅርታዎን ከእኔ አፍ ከምትሰማው፣ ሳይመሽባት በራሷ ዓይን ብታየው እወዳለሁ።