የሰለጰዓድ ልጆችና የባይሳ ልጆች

ለታላቅ እህቴ ለገላኔ፣

እንዴት ከርመሻል? ቤይሩት ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ፣ ወይስ ሴትዮዋ ዛሬም ምንጣፉን ብቻሽን ታሸክምሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብል ግን መዋሸት ይሆንብኛል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ድምፅሽን ስሰማ ስላቃተኝ ጻፍኩት።

የአባባን ግቢ አጎታችን ደቻሳ ወሰደው። ሙት ዓመቱ እንደወጣ «ወንድሜ ወንድ ልጅ አልተወም፣ መሬቱ የዘር ነው» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ቦሌ ሚካኤል አንቺ የምታውቂው እንዳይመስልሽ፤ በየአጥሩ ሥር ደላላ ቆሟል። አጎታችንም ፎቅ ታይቶታል።

እኔም ዝም አላልኩም። ኦሪቱን ይዤ ሄጄ የሰለጰዓድን ሴቶች ልጆች ታሪክ አነበብኩላቸው። እንደ እኛ ወንድም የላቸውም፤ ሙሴ ፊት ቆመው የአባታችንን ርስት ስጡን አሉ፤ እግዚአብሔርም ልክ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማዬ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ። ገላኔ፣ በቃ ረታን ብዬ ነበር።

አጎታችን ፈገግ ብሎ የንስሐ አባታችንን «እስቲ መጨረሻውን ያንብቡልን» አላቸው። እኔ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር። ለካ ርስቱ ከነገዱ እንዳይወጣ ተብሎ ልጆቹ የአጎቶቻቸውን ልጆች አግብተዋል። ሽማግሌዎቹም እኔን «አንቺ የትግራይ ልጅ ግርማይን አግብተሻል፣ መሬታችን ለባዳ አይሄድም» አሉኝ። በእኛ ባህል የአጎት ልጅ ወንድም አይደለም ወይ? እሱን ማግባት ነውር አይደለም ወይ? ታዲያ በየት በኩል እንግባ ብላቸው፣ አፍሽን ያዢ አሉኝ። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም።

ግርማይ ፍርድ ቤት እንሂድ፣ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው ይላል። እውነቱን ነው። እማዬ ግን እጄን ይዛ «ከከሰስሽው ማን ይቀብረኛል?» አለችኝ። ተውኩት። እሷንም ጉርድ ሾላ ወደ ኪራይ ቤታችን አመጣኋት።

አንጀቴን የሚበላኝ ያንቺ ነገር ነው። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር እሠራታለሁ ያልሻት ክፍል ቦታዋ ለፎቁ መሠረት ተቆፍሯል። የላክሽውን መጋረጃ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። እባክሽ ለዚያች ክፍል ብለሽ ኮንትራት እንዳታድሺ።

ግርማይ እጅ ይነሳሻል። ትንሿ ረሆቦት አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትስምሻለች። እማዬም ጉንጭሽን ትስማለች፤ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም። ዛሬም ለጎረቤቱ ሁሉ ገላኔ መጥታ ግቢዬ ውስጥ ቤት ትሠራለች ትላለች።

እህትሽ ደሪቱ ባይሳ
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.